ድልድዩ ላይ የቆመው ሰውዬ

(ያለፈው ቅዳሜ ማታ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ላይ በነበረው የአሮጌ ፎቶዎች ምሽት ያደረግኩት ንግግር ነው። ከስልክ ቅጂ ነው የገለበጥኩት፣ ብዙም አልነካካሁትም፣ ስለዚህ እንደ ወሬ አንብቡት።)

እንደምን አመሻችሁ!

ኧረ አቦ፣ ድሬ እንዲህ ተኝታ አትመልስም። እንደገና፣ እንደምን አመሻችሁ! ... እንዲህ ነው እንጂ።

በመጀመሪያ ፊት ወንበር ላይ ለተቀመጣችሁት አባቶቼና እናቶቼ፣ በተለይ ለምድር ባቡር ጡረተኞች፣ አክብራችሁ በዚህ ሙቀት ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። እናንተ ፊት ስለ ባቡር ማውራት ለቄስ ቅዳሴ እንደማስተማር ነው፣ ስሳሳት እዚያው ላይ አርሙኝ፣ ይሉኝታ አያስፈልግም። ወጣቶቹ ደግሞ ካሜራ ይዛችሁ መጥታችኋል፣ ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ፣ ስላይዱን በስልክ ፎቶ እያነሳችሁ ንግግሩን እንዳትረሱት። ዛሬ ማየት ነው የምንለማመደው፣ ማንሳቱን ነገ ትደርሱበታላችሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ፎቶ ነው፣ ግን ንጉሥ ያለበት ወይ ሙሽራ ያለበት ፎቶ አይደለም። ድልድይ፣ ሐዲድ፣ ዋሻ፣ ወደብ፣ ፉርጎ፣ ባዶ ሜዳ። ፈረንሳዮች ጅቡቲ ላይና በዚህ መስመር፣ ጣልያኖች ኤርትራ ላይ፣ ኋላም በአምስቱ ዓመት እኛው አገር ላይ ያነሷቸው። አንዳንዶቻችሁ "እኛ እኮ ቅኝ አልተገዛንም" ልትሉኝ እጃችሁን ልታወጡ ነው፣ አይቻችኋለሁ፣ አውርዱ (ሳቅ)። አልተገዛንም። ባቡሩ ግን የሚነሳው ከቅኝ ግዛት ወደብ ነው፣ ገንዘቡም የፓሪስ ነው፣ ካሜራውም ከነሱ ጋር ነው የመጣው። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ ነው የምጠራላችሁ፣ የኛን ስጠራ እነግራችኋለሁ።

ሦስት ነገር አለኝ። አንደኛ፣ እነዚህ ፎቶዎች ለማን ተነሱ? ሁለተኛ፣ ውስጣቸው የቆመው ሰውዬ ማነው? ሦስተኛ፣ ምን እናድርጋቸው? ሁለተኛው ላይ ልቆይ ነው፣ ልቤ ያለው እዚያ ነው፣ ሦስተኛው ላይ ከመሸ ቀጭ ቀጭ አድርጌ አልፋለሁ።

እሺ፣ አንደኛው።

አፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሰጡ፣ ፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኔም አብሮ አለ። ሥራው ጅቡቲ ላይ በ1897 ተጀመረ፣ በ1902 መጨረሻ እዚህ እኛ ጋ ደረሰ። እዚህ ስል እዚህ ምንም አልነበረም ማለት አይደለም፣ ሜዳው ነበረ፣ የደቻቱ ወንዝ ነበረ፣ ከብቱና ባለከብቱ ነበሩ፣ ከተማው ነው ያልነበረው። ባቡሩ መጀመሪያ መሄድ የነበረበት ሐረር ነው። ግን ሐረር ተራራ ላይ ናት፣ እዚያ ሐዲድ ማውጣት ብዙ ገንዘብ ይበላል፣ ስለዚህ ከታች ሜዳው ላይ እናቁመው ተባለ፣ ቦታውንም አዲስ ሐረር አሉት። ስለዚህ ወገኖቼ፣ እኛ ድሬዎች የተወለድነው በበጀት እጥረት ነው (ሳቅ፣ ጭብጨባ)። ኧረ አታጨብጭቡ፣ እውነት ነው!

እና ያ ኩባንያ ገንዘብ ሁልጊዜ ያጥረዋል። ድሬ ሲደርስ ትንፋሹ አለቀ፣ ከዚያ ከሰረ፣ በሌላ ኩባንያ ተተካና እንደገና ተጀመረ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ሃያ ዓመት ፈጀ፣ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ። አሁን ፓሪስ ውስጥ ቦንድ የገዛ አንድ ሰውዬን አስቡት፣ ቡናውን ይዞ ተቀምጧል፣ ገንዘቤ የት ገባ ይላል። መስመሩ ላይ ያለችው አይሻ ድረስ መጥቶ አያይም። ምንድነው የሚያሳዩት? ድልድይ! ከጅቡቲ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለውን የሆልሆልን የብረት ድልድይ። ገደል ላይ የተዘረጋ ብረት አይቶ ማን ይጠራጠራል? ለዚህ ነው የዚያ ዘመን ፖስትካርድ ላይ ድልድዩ በየጊዜው የሚመጣው። ለኛ ታሪክ ሊሆን ይችላል፣ ለነሱ ግን ደረሰኝ ነበር። ይቺን ቃል ያዙልኝ፣ ደረሰኝ።

ደረሰኝ ላይ ደግሞ የማይጻፍ ነገር አለ። እስቲ ይሄኛውን እዩ። ሜዳ፣ ሐዲድ፣ ሰማይ፣ ጥግ ላይ አንድ ቆርቆሮ ጣራ። ምንም የለም አይደል? ባዶ። አሁን ከቆርቆሮው ጀርባ እዩ፣ የውሃ ታንከር አለ። ለምንድነው ታንከር እዚያ ያለው? የእንፋሎት ባቡር ውሃ ካልጠጣ አይሄድም፣ ስለዚህ ጣቢያ የሚሠራው ውሃ ያለበት ነው። ውሃ ያለበት ቦታ ደግሞ ምን አለ? ግመል አለ፣ ግመል ካለ ባለመንጋው ኢሳ፣ ሶማሌው፣ አለ። ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ እያልን የምንቆጥራቸው ጣቢያዎች ካርታ ላይ ዝም ብለው የተነጠቡ አይደሉም፣ ሰው መንጋውን ሲያጠጣበት የኖረ አገር ነው። ፎቶ አንሺው መንጋው ሄዶ እስኪያልቅ ጠብቆ አነሳና ባዶ ምድር አለን። ባዶ መሬት ካለ ደግሞ ባለቤት የለውም፣ ገብቶ መሥራት ነው። ለካሜራ አስፈላጊ የነበረው ባዶነቱ ነው እኮ።

ይሄን ያህል ስለ አንደኛው ይበቃል። ሁለተኛው።

የዛሬ አስራ ምናምን ዓመት ኢንተርኔት ላይ አንድ ፖስትካርድ ገዛሁ። ፈረንሳይ አገር ካለ ሻጭ ነው፣ በአንድ ዘመዴ በኩል ተከፍሎ፣ በሌላ ዘመዴ ሻንጣ ነው የመጣልኝ። ይሄውላችሁ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው። ድልድይ፣ ድልድዩ ላይ ባቡር፣ ከባቡሩ ፊት ሐዲዱ ጠርዝ ላይ አንድ ሰውዬ ቆሟል። ሽርጥ ታጥቋል፣ ባዶ እግሩን ነው፣ እጁ ላይ ዱላ ይዟል። ታች ጥግ ላይ ነጭ ጽሑፍ አለ፣ የድልድዩ ነው፣ ስለ ሰውዬው አንድ ፊደል የለም። ይሄ ነጭ ጽሑፍ እንዴት እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ? መስታወት ኔጋቲቩ ላይ በጥቁር ቀለም ገልብጠው ነው የሚጽፉት፣ ወረቀት ላይ ሲታተም ነጭ ሆኖ ይወጣል። አንዳንዴ ፊደል ይገለበጥባቸዋል፣ እሱን ሳይ ደስ ይለኛል (ሳቅ)።

እና እኔ ሰውዬውን ምን አልኩት? እረኛ። ዱላ ይዟላ! መንገደኛ ነው፣ ሲያልፍ "ቁም" ብለውት ነው አልኩ። ደግሞ መጽሐፍ አንባቢ ነኝ፣ ቲዎሪም አለኝ። ሰውን ድልድይ ላይ የሚያቆሙት ቁመቱን ለማሳየት ነው፣ ሰው እንደ ሜትር ሆኖ ያገለግላል አልኩ። ይሄ እውነት ነው፣ የዚያ ዘመን ኢንጂነሮችና ፎቶ አንሺዎች የሚያደርጉት ነው፣ ግንቡ ስንት ሜትር እንደሆነ ተመልካቹ እንዲገባው ሰው ያቆማሉ። አምስት ወር ሙሉ ለተማሪዎቼ በዚህ ፎቶ አስተማርኩ። "ይሄ እረኛ" እያልኩ።

አንድ ቀን አባዬ ጋ ሄድኩ። አባዬ ሼሚኖ፣ ያው የባቡር ሠራተኛ ነበር፣ ዕድሜውን ሙሉ ሐዲድ ላይ፣ ከእንፋሎቱ መጨረሻ ጀምሮ ናፍጣው ላይ ጡረታ የወጣ። ዓይኑ ደክሟል፣ መነጽሩ ላይ አጉሊ መነጽር ደርቦ ነው የሚያነበው። ፖስትካርዱን ሰጠሁት። እኔ "አባዬ ቆንጆ አይደል?" እላለሁ፣ እሱ ምንም አይልም። ቆየ ቆየና ምን አለ መሰላችሁ?

"እብዶች ናቸው!"

"ምነው አባዬ?"

"ባቡሩን ድልድይ ላይ አቁመውታል እኮ።"

እንዴት አወቅክ እለዋለሁ። ጭሱን አሳየኝ። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው የወጣው። ቢሄድ ኖሮ ወደ ኋላ ይተኛል አለ። ዳገት እየወጣ ቢሆን ደግሞ ይወፍራል፣ ይጠቁራል፣ ይሄ ስስ ነው። ሹፌሩም በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ ቆሟል፣ ሥራ ላይ ያለ ሹፌር እንዲህ አይወጣም። ለፎቶ ብለው ያን ሁሉ ክብደት ድልድይ መሃል አቆሙት፣ ያ ለሱ ወንጀል ነው፣ የሞቱ ሰዎች ላይ ነው የሚናደደው! እኔ ድልድይ አየሁ፣ እሱ የትራፊክ ጥሰት አየ (ሳቅ)።

ከዚያ ትራቬርሱን አየ፣ ያው ሐዲዱ የሚተኛበትን፣ ጠጠሩን አየ፣ ጠጠሩ አዲስ ነው፣ ገና አልተረገጠም አለ። ከዚያ ሰውዬው ላይ ደረሰ። "ይሄ እረኛ..." ብዬ ልጀምር ስል፣

"የት ያለ እረኛ? መስመር ጠባቂ ነው። የያዘውን አታይም? የብሎን ቁልፍ ነው።"

ዱላ አይደለም! አጉሊ መነጽሩን ተቀብዬ አየሁት። ጫፉ ላይ ሰፋ ይላል፣ እንደ አፍ ይከፈታል። ረጅም እጀታ ያለው የብሎን መፍቻ። በየቀኑ በእግሩ ሐዲዱን ተከትሎ እየሄደ የላላ ብሎን የሚያጠብቅ ሰው ነው። ቁም ስላሉት የቆመ መንገደኛ አይደለም፣ ድልድዩ ላይ ካሉት ሁሉ ሥራው እዚያ የሆነው እሱ ነው። ባቡሩ ያለ ቦታው ነው የቆመው፣ እሱ ቦታው ላይ ነው። እኔ የተማርኩት ሰውዬ አምስት ወር ሙሉ በግ አስጠበቅኩት።

እውነት ለመናገር አፈርኩ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ማጋነን ነው፣ ወስዶኛል፣ ግን ጠዋት ተነስቼ ያሉኝን ፎቶዎች በሙሉ እንደገና ማየት ጀመርኩ። ድልድዩን ትቼ እጅ እጁን። ማን ምን ይዟል? ዶማ፣ አካፋ፣ ባሬላ፣ ጣሳ። ማን ነው ቆቡ ነጭ የሆነው፣ እሱ ሁልጊዜ መሃል ነው ያለው፣ እጁም ሁልጊዜ ባዶ ነው ወይ ከዘራ ነው። ካቦው ጎን ላይ ነው። ይሄን መስመር የሠሩት ሶማሌው፣ የመኑ፣ ሐበሻው፣ ግሪኩና ጣልያኑ ግንበኛ ጭምር ናቸው፣ እዚህ ከተማ ውስጥ የልጅ ልጆቻቸው አሁንም አሉ፣ አሁን እዚህ አዳራሽም ትኖራላችሁ። ፎቶው ላይ ግን ጠርዝ ላይ ናችሁ። አንዳንዴ ደግሞ ጭጋግ ናችሁ። ጭጋግ ስል ምን ማለቴ ነው፣ የሩቅ አገር ሁሉ ጥርት ብሎ እንዲወጣ ሲፈልጉ የሌንሱን ቀዳዳ ያጠባሉ፣ ያኔ ብርሃን እስኪበቃ ረዘም አርገው ይከፍታሉ፣ ስለዚህ የማይንቀሳቀሰው ይታያል፣ የሚንቀሳቀሰው ይጠፋል። ድንጋይ አይንቀሳቀስም፣ ይታያል። ነጭ ቆብ አርጎ ሥራ ፈቶ የቆመው ይታያል። እየሠራ ያለው ሰው ግን ጭስ ይሆናል። እዩት ይሄን፣ ይሄ ነጭ ነገር ደመና አይደለም፣ አካፋ የያዘ ሰው ነው።

(እዚህ ጋ መብራት ጠፋ። አሥር ደቂቃ ያህል በስልክ መብራት ቀጠልን።)

በቃ ምንም አይደለም፣ ጨለማ ውስጥ ስለ ዋሻ ላውራችሁ (ሳቅ)።

ግን መጀመሪያ ኤርትራን ልለፍ። ጣልያን ምፅዋ ላይ ሐዲድ የጀመረው በ1887 ነው፣ ያ ዓመት ምን ያስታውሳችኋል? ዶጋሊ! ጥር ላይ ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ድባቅ መቷቸው፣ በዚያው ዓመት እስከ ሰዓጢ ሐዲድ መዘርጋት ጀመሩ፣ ወታደር በፍጥነት ለማድረስ። ስለዚህ ያ ባቡር ሲወለድ ለንግድ አይደለም። ከምፅዋ አስመራ 118 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከባሕሩ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል፣ አስመራ የገባው በ1911 ነው። ምፅዋ ላይ ስቱዲዮ የነበረው ሉዊጂ ናሬቲ የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር፣ ምሽጉንም ገበያውንም አገሩንም እያነሳ ይሸጣል፣ የሱ ዓይነት ፎቶዎች ላይ አገሩ እንዴት እንደነበረ ከመንገዱ በፊት ማየት ትችላላችሁ፣ ይሄ ጥቅሙን አልክድም፣ ዛፉን ቆጥሬበታለሁ።

ከዚያ ደግሞ ቴሌፈሪካ አለ። በ1937 ሥራ የጀመረ፣ ከምፅዋ አስመራ በሽቦ ላይ ዕቃ የሚያወጣ፣ ርዝመቱ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ፣ በዓለም የዚያን ያህል የለም የተባለለት። ፎቶው ያስደነግጣል፣ ከደመና በላይ ባልዲ የሚያህል ነገር ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ሰው የለበትም። እዚህ ላይ የኔ ዘዴ አይሠራም፣ እጅ የለማ! እንግሊዝ ጣልያንን ካስወጣ በኋላ ነቅሎ ወሰደው፣ ሽቦውም ሞተሩም ሄደ፣ የምፅዋና የአሰብ ወደብ ዕቃም ሲነቀል እንግሊዛዊቷ የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክረስት ኧረ ምን እያደረጋችሁ ነው ብላ ጮኻለች፣ የራሷን መንግሥት ነው የምትወቅሰው። ሐዲዱ ደግሞ በኛው የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ተነቅሎ የምሽግ ጣራ ሆነ። ከነጻነታቸው በኋላ ኤርትራውያኑ ሐዲዱን ከየምሽጉ ሰብስበው፣ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ የባቡር ሠራተኞችን ከየቤታቸው ጠርተው፣ በራሳቸው ጉልበት መልሰው ዘረጉት፣ በ2003 አስመራ ደረሰ። የነዚያን ሽማግሌዎች ፎቶ ያያችሁ አላችሁ? ካላያችሁ ፈልጋችሁ እዩ። ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላው ሰው፣ ፊቱ ወደ ካሜራው፣ እጁ ላይ መፍቻ። መሃል ላይ ነው የቆመው።

እሺ ዋሻው። ጣርማበር።

ልጅ ሆኜ፣ አስራ ሁለት ዓመት ቢሆነኝ፣ ደሴ አክስቴ ጋ ስሄድ ነው መጀመሪያ ያየሁት። ድሬ ተወልዶ ያደገ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን ስደርስ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ነው፣ ሹራብ የለኝም። አጠገቤ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፣ ግማሹን ጋቢ አለበሱኝ። ጉም ነው፣ ምንም አይታይም፣ ከዚያ አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋና ጨለማ ውስጥ ገባ። ከላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል ጣራው ላይ። ሽማግሌው ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው "አባቴ ይሄን ድንጋይ ፈልጧል" አሉኝ። "ለጣልያን?" አልኳቸው። ዝም አሉኝ። ወጣንና ቁልቁለቱን ተጠማዘን ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎ ገዙ፣ ግማሹን ለኔ ሰጡኝ፣ ሌላ ቃል አላወሩም። ያ ዝምታ ምን እንደነበረ ብዙ ዓመት ሳስበው ኖሬያለሁ። እፍረት ነው? ቁጣ ነው? ወይስ ልጅ የማይጠይቀው ነገር ጠየቅኩ?

ካደግኩ በኋላ የኢስቲቱቶ ሉቼን ፎቶዎች አየሁ። ሉቼ የፋሺስቱ መንግሥት የፊልምና የፎቶ ድርጅት ነው፣ በ1924 የተቋቋመ፣ ለወረራው በ1935 አስመራ ላይ ልዩ ክፍል ከፈተ። ሥራው ሮም ላለው ሕዝብ ማሳየት ነው፣ ግብር ከፋዩ ያው እንደ ፓሪሱ ሰውዬ ደረሰኝ ይፈልጋል። መንገድ፣ መንገድ፣ መንገድ! ካሚዮን፣ ድልድይ፣ ዋሻ። የጣርማበሩን ዋሻ በሙሶሊኒ ስም ነበር የሚጠሩት። እና አዲስ አበባ ላይ የካቲት 12 ቀን 1929፣ ይሄ በኛ ነው፣ ሕዝብ በዶማና በአካፋ ሲጨፈጨፍ፣ በዚያው ሰሞን ሮም ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ዶማና አካፋ ይዞ መንገድ የሚሠራ ሰው ነው። ዶማው አንድ ነው። ይሄን ሳስብ...

(ትንሽ ዝምታ)

እሺ። የመንገድ ፎቶዎቹን ስታዩ አንድ ነገር ፈልጉ። ሁሉም ወደ ካሜራው ሲያይ፣ አንድ ወታደር ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ጋራው የሚያይ አለ። ሁሉም ላይ አይደለም፣ ግን አለ፣ እኔ ያሉኝ ውስጥ ሁለቱ ላይ አግኝቻለሁ። ምንድነው የሚያየው? ጋራው ባዶ ነው አላላችሁም እንዴ? ሸዋ ላይ እነ ራስ አበበ አረጋይ አምስት ዓመት ሙሉ ጋራ ጋራውን ነበሩ። ያ ወታደር ለፎቶው አልቆመም፣ ፈርቶ ነው። እሱ ጀርባውን ባዞረበት በኩል አርበኞቹ ፎቶው ውስጥ አሉ።

"ጣልያን መንገድ ሠራልን" የሚለውን ክርክር ታውቁታላችሁ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ካልን አይቀርም፣ አንዱ ሠራልን ይላል፣ ሌላው ለታንኩ ነው ይላል፣ ከዚያ ድምፅ ይጨምራል። እኔ በበኩሌ ደክሞኛል። የመንገዱን ጥቅም የሚክድ ሰው በእግሩ ደሴ ይሂድ። ግን "ሠራልን" ስትሉ ፎቶውን አምናችኋል፣ ነጭ ቆብ ያለውን አምናችኋል። የሽማግሌው አባትስ? ከናንተው ነው እኮ። እኔን የሚያናድደኝ ምስጋናው ወይ ስድቡ አይደለም፣ አድራሻው መሳሳቱ ነው።

(መብራት መጣ። ጭብጨባ።)

ለመብራት ኃይል አታጨብጭቡ፣ ይለምድበታል (ሳቅ)።

ሦስተኛው፣ ቶሎ ልጨርስ። ምን እናድርጋቸው?

አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙንም ከተማውንም አልጠራም፣ ካርቶን ሙሉ የድሮ ፎቶ ነበረው። ሐዲድ ሲዘረጋ፣ ጣቢያ ሲገነባ። ስንት ጊዜ ደጅ ጠንቼ አንድ ቀን ገብቼ አየሁት፣ ከጀርባው በእርሳስ የተጻፈ ነበር፣ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዱ ላይ የሰው ስም፣ የኛ ሰው ስም! ነገ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ እመጣለሁ አልኩ። ነገ አልሆነም፣ ፈቃድ ያስፈልጋል ተባለ፣ ፈቃዱ ሁለት ዓመት ፈጀ። ስመለስ ኤግዚቢሽን አዘጋጅተዋል፣ ደስ አለኝ። ምን አድርገዋል መሰላችሁ? ፎቶዎቹን አንድ በአንድ በኮላ ቦርድ ላይ ለጥፈዋቸዋል። ጀርባቸውን! ጥርግ አድርጎ የያዘ ኮላ። ልጅቷ እንኳን በደስታ ነው የምታሳየኝ፣ "እንዳይጠፉ ብለን ነው ጋሼ" ትለኛለች፣ ምን ልበላት? ጎበዝ አልኳትና ወጥቼ ማኪያቶ ጠጣሁ።

ስለዚህ ልመናዬ እኚህ ናቸው። ቤታችሁ አሮጌ ፎቶ ካለ ፊቱን ብቻ አይደለም፣ ጀርባውንም ስካን አድርጉ። ስም ስትጽፉ በእርሳስ፣ በእስክሪብቶ አይደለም፣ እስክሪብቶ ዘልቆ ፊቱን ያበላሻል። ጠርዙን አትቁረጡ፣ ሰዎቹ ያሉት ጠርዝ ላይ ነው። ደግሞ አሁን የመጣው አፕ፣ ቀለም የሚቀባው፣ የሚያጠራው፣ ለአክስታችሁ የልደት ፎቶ ይሁን፣ ለዚህ ግን አደራ። የወንድሜ ልጅ ያቺን የድልድይ ፎቶ በአፕ አጥርቶ ላከልኝ፣ "ጋሼ ሰርፕራይዝ!" ብሎ። ሰማዩ ሰማያዊ ሆኗል፣ ባቡሩ አረንጓዴ። ሰውዬው ጫማ ተጫምቷል (ሳቅ)። እጁን አጉልቼ አየሁ። ለስላሳ፣ ቀጥ ያለ፣ ቆንጆ ዱላ! ማሽኑም እንደኔ ነው ያየው፣ ማሽኑ አባት የለውማ።

እና ሌላው፣ ሽማግሌ ፊት ፎቶ ስታስቀምጡ ዝም በሉ። እኔ "ቆንጆ አይደል" እያልኩ ስንት ነገር አባዬን ሳላስወራው ቀረሁ። ስልካችሁን ቅጂ ላይ አድርጉና አስቀምጡት፣ ዝም ብላችሁ ጠብቁ፣ ከጭሱ ይሁን ከጠጠሩ ይጀምሩ። አባዬ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ያላሳየሁት አርባ ምናምን ፎቶ አለኝ።

ለዚህ ነው አንዷን ዛሬ ይዤ የመጣሁት፣ እናንተ ፊት ወንበር ላይ ያላችሁትን አስቤ። ስላይዱን ቀይሩልኝ እስቲ። ይሄው። ጣቢያ ነው፣ ቆሻሻ ውሃ የሚመስል ነገር መሬቱ ላይ አለ፣ አንድ ዛፍ፣ ዛፉ ሥር አራት አምስት ሰው ተቀምጧል። ከዚያ ከቦርዱ ላይ በስልክ ያነሳኋት ናት። ማን ያውቃታል? ጋሼ እርስዎ፣ አዎ ማይኩን ስጧቸው፣ ይቀመጡ ይቀመጡ፣ አይነሱ።

(አንድ አባት፦ "ከጀርባው ምን ይላል?")

ጀርባው ኮላ ነው ጋሼ።

("እንግዲያው አጉላው። ዛፉን ተወው፣ ዛፍ ምን ያደርግልኛል። እዚያ ጥላው ሥር ያሉትን፣ የመጀመሪያውን፣ ጭኑ ላይ ያስቀመጠውን ነገር አሳየኝ።")

እሺ። ልጆች መብራቱን አጥፉልኝ፣ ላጉላው።